ነሐሴን ደፍቶ ሚያዝያን መክሰስ

ስሙኝ ልጆች። ዛሬ የምናገረው አይጥማችሁም፤ እንዲጥማችሁም አልተነሣሁም። በልጉ ቀርቷል። የካቲት ደመና አሳይቶን ሄደ፣ መጋቢት ነፋስ ብቻ ሆነ፣ ሚያዝያም አንድ ቀን እንኳ መሬቱን ሳያርስ ወጣ። ይህ የሰማይ ነው፤ ሰማይን የምከስበት አፍ የለኝም። የምከሰው እናንተን ነው። ባለፈው ነሐሴ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሯችሁን ሲደበድብ አድሮ፣ ከጣራችሁ ጫፍ ተወርውሮ፣ የጓሯችሁን አፈር ጠርጎ ወደ ገደል የወረደውን ውሃ ማን ያዘው? በዚህ ሰፈር ከሣር ክዳን ያልወጣ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። አሸንዳ ያሰረው ግን ስንቱ ነው? አሸንዳ ካሰረውስ መካከል ከሥሩ በርሜል ያቆመ ማን ነው? ጎመኑ ሲጠወልግ «ምን ይደረግ፣ ድርቅ ነው» የሚለው ሁሉ በነሐሴ ምን ሲሠራ ነበር?

ድርቅ ምን እንደሆነ ከእናንተ አልማርም። የ1966ቱን አይቻለሁ፣ የ1977ቱንም አይቻለሁ። በ77 ኮረም ሜዳ ላይ የወደቀው ሕዝብ ሰነፍ ሆኖ አልወደቀም። ጦርነት ነበረ፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ እህል በጊዜው አልደረሰም። እንደዚያ ያለውን ክፉ ቀን የጓሮ በርሜል አይመልሰውም። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «ሽማግሌው በረሃብ ያለቀውን ይወቅሳሉ» እንዳይለኝ። የምወቅሰው በእግሩ የቆመውን ነው፤ ቆርቆሮ ከራሱ በላይ፣ ጉልበት በክንዱ፣ ዝናብ ሁለት ወር ሙሉ በደጁ እያለው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውን።

ሒሳቡን ልጆቻችሁ ያሰሉላችሁ፤ ትምህርት ቤት ተምረውታል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የመካከለኛ ሰው ጣራ 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ደህና ዝናብ ሲጥልበት 400 ሊትር ይወርዳል። ከሚረጨውና ከሚተነው የተነሣ አምስተኛ እጁን ቀንሱለት፤ 320 ሊትር ይቀራችኋል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 16 ጊዜ ይሞላል፤ ያውም በአንድ ከሰዓት በኋላ። በዚህ በኮምቦልቻ አካባቢ በደህና ዘመን ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ያወርዳሉ። ዘመኑ ከፍቶ የዚህ ግማሽ ብቻ ቢመጣ እንኳ ከዚያው ጣራ 6,400 ሊትር ይገኛል። 320 ጀሪካን ነው።

አሁን ይህን 320 ጀሪካን ማን እንደሚሸከመው እንነጋገር፤ ዛሬ የተነሣሁበት ጉዳይ ይኸው ነውና። ጀሪካኑ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። አንተ፣ የቤቱ አባወራ፣ በጀርባህ አዝለኸው ታውቃለህ? አታውቅም። የምታዝለው ሚስትህ ናት፤ እሷ ስትታመም ደግሞ ልጅህ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ቦኖው ጋ ተሰልፋ፣ ቦኖው ሲጠፋ ቁልቁለቱን ወርዳ ከምንጩ በጣሳ እየጨለፈች ሞልታ፣ ዳገቱን ወጥታ ታመጣዋለች። ከዚያ ደብተሯን ይዛ ስትሮጥ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ያልቃል። አንተ ደግሞ ያንኑ ውሃ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት፣ ከጎመኑ ቅጠል በላይ ትደፋዋለህ። ከፊሉ ሥሩ ሳይደርስ ይተናል፤ የቀረው በደረቀው አፈር ላይ ተንሸራቶ ወደ መንገዱ ይወጣል። የልጅህን ወገብ ነው መሬት ላይ የምትደፋው። ነሐሴ ላይ በነፃ ደጅህ ድረስ የመጣውን ሳትይዝ ቀርተህ ሚያዝያ ላይ እሷን ስትልካት፣ የገዛ ዕዳህን በጀርባዋ ላይ መጫንህ ነው። በእኛ ዘመን ሰው ለልጁ ዕዳ ጥሎለት መሞትን እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር፤ እናንተ በቁማችሁ እያደረጋችሁት ነው።

«ሮቶ ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። ውድ ነው፤ አልክድም። ግን ሮቶ መግዛት ያቃተው ሰው አሸንዳ ማሰርም ያቅተዋል? የተረፈ ቆርቆሮ በመዶሻ አጥፎ፣ በሽቦ ከጣራው ጠርዝ ጋር አስሮ፣ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ዘንበል ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከሥሩ በርሜል አቁሙ። በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳትጠይቁ ግን አትግዙ፤ ፀረ ተባይ ወይም ኬሚካል የነበረበትን ለጓሮም ቢሆን አላሳልፍላችሁም፤ ከጎመኑ ወደ ሆዳችሁ ይመለሳል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ ስለሚያወርድ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ። አፉን በወንፊት ጨርቅ ሸፍኑና እሰሩት። ክፍት የተተወ በርሜል የወባ ትንኝ ማራቢያ ነው፤ ውሃ አጠራቅማለሁ ብላችሁ በሽታ ካራባችሁ ጎረቤት ሁሉ ይረግማችኋል።

እርግጥ 200 ሊትሩ በርሜል በአንድ ዝናብ ይሞላል፤ የተረፈው ይፈስሳል። 6,400 ሊትር በበርሜል አይያዝም፤ ጉድጓድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ «ኩሬማ ሞክረን አየነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ በዘመቻ የተቆፈሩትን ኩሬዎች ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በአማራም በትግራይም በብዙ ሺህ ተቆፈሩ፤ ብዙዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ባዶ ጉድጓድ ሆኑ። አንዱ ውሃውን መሬት ጠጣው፣ የሌላው ፕላስቲክ ተቀደደ፣ ሌላውን ደለል ሞላው። አጥር ስላልነበራቸው ከብት የገባባቸውና ሕፃን የሰጠመባቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ነገር ግን ጥፋቱን ከጉድጓዱ ላይ አትጫኑት። «ይህ ውሃ ለምን ይውላል? ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ሳይጠይቅ ለቁጥር ብቻ የተቆፈረ ነገር ዕጣው ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን ምንጃር ሸንኮራ የሆነውን ተመልከቱ። ውሃ የሚያጥረው አገር ነው። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ኩሬያቸውን ፕላስቲክ አልብሰው፣ የያዙትን ውሃ በሰፊ ማሳ ላይ አልበተኑትም። በጠባብ መደብ የሽንኩርት ችግኝ አፈሉበት፤ ዝናቡ ሲይዝ ችግኙን ወደ ማሳ አዛወሩት። ጥቂት ውሃ፣ ጠባብ መሬት፣ ዋጋ የሚያወጣ ተክል። አስቀድመው አስበው ነበር የቆፈሩት። የእኛ ሰው ግን ኩሬው ሞልቶ ሲያይ ያለውን መሬት ሁሉ ያጠጣል፤ በታኅሣሥ ደርቆ ያገኘዋል፤ ከዚያ ኩሬውን ይሳደባል።

ክፍት ኩሬ ደግሞ ከፀሐይ ጋር እኩል የምትካፈሉት ሀብት ነው። 50 ካሬ ሜትር ፊት ያለው ኩሬ በሞቃቱ ደረቅ ወራት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢተንበት፣ በ120 ቀን ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 30,000 ሊትር ማለት ነው። እናንተ ሳትነኩት! ስለዚህ ስትቆፍሩ ፊቱን አጥብቡ፣ ወደ ታች አጥልቁ። በላዩ ላይ እንጨት አጋድማችሁ በማዳበሪያ ጆንያ፣ በሰሌን፣ ባገኛችሁት ነገር ሸፍኑት። ከመግቢያው በፊት ደለል የሚቀርባት ትንሽ ጉድጓድ አብጁለት፤ በየዝናቡ መካከል ጥረጓት። ዙሪያውን በእሾህ እጠሩ፤ ይህን የማያደርግ ሰው ባይቆፍር ይሻላል።

ውሃ መያዝ ከውጭ የመጣ ብልሃት አይደለም፤ ይህን የምላችሁ «ባለሙያ ይምጣና ያሳየን» እያላችሁ ክረምቱን እንዳታሳልፉት ነው። ደብረ ዳሞ አምባ ላይ በገመድ ካልሆነ አይወጣም። መነኮሳቱ ዐለቱን ፈልፍለው በሠሩት ገንዳ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ፤ ወንዝ አምባ አይወጣላቸውማ! የኮንሶ ሰዎች ሐርዳ የሚሉት የወል ኩሬ አላቸው፤ አብረው ይቆፍሩታል፣ አብረው ይጠርጉታል። እርከናቸውን ዓለም በቅርስነት የመዘገበላቸው በ2003 ይሁን እንጂ ሥራው የአያት ቅድመ አያቶቻቸው ነው። እኛ ወሎዬዎች ከእነርሱ በምን አንሰን ነው የነሐሴን ጎርፍ ቆመን የምንሸኘው?

ከሁሉ የሚበልጠው ጎተራችሁ ደግሞ ከእግራችሁ ሥር ያለው አፈር ነው። በርሜል የሌለው፣ ኩሬ የሌለው ሰው አፈር አለው። ጠጥሮ የከረመ መሬት ዝናብ ሲጥልበት እንደ ቆርቆሮው ያንሸራትተዋል። ከሰኔ በፊት ጠለቅ አድርጋችሁ ቆፍሩት፤ ፍግና ብስባሽ ቀላቅሉበት። ብስባሽ የጠገበ አፈር ውሃ ይዞ ያቆያል፤ እጃችሁን ብትከቱበት ከዝናቡ ሳምንታት በኋላም ርጥበቱን ታገኙታላችሁ። ከጓሮው በላይ፣ ዳገቱን አግድም የሚይዝ ቦይ ቆፍሩ፤ የሚወርደው ውሃ እዚያ ቆሞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይስረግ። በየዛፉ ሥር ወደ ዳገቱ የሚከፈት የግማሽ ጨረቃ ክትር አድርጉ።

መደቡንም ተመልከቱ። ሁላችሁም መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ትሠራላችሁ፤ አንዱ ሲሠራ አይታችሁ። ከፍ ያለ መደብ ውሃ ለሚተኛበት መሬት ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ደረቅ ቦታ ላይ ውሃውን ወደ ጎን ያፈሰዋል፤ ነፋሱም ከየአቅጣጫው ያደርቀዋል። በድርቅ ዘመን መደብ ጎድጎድ ይላል፤ ዙሪያው ከፍ፣ መካከሉ ዝቅ። የጣላችሁበት ውሃ መሄጃ አጥቶ ሥሩ ላይ ይቆማል።

አፈሩን እርቃኑን አትተዉት። ጉዝጓዝ አልብሱት። «ጭዱን ለከብት ነው የምንፈልገው» ትላላችሁ፤ ትክክል ናችሁ፣ በድርቅ ዓመት የጤፍ ጭድ ለጎመን አይነጠፍም። ግን ከግርግሙ ሥር ተረግጦ የተረፈው ገለባ፣ የደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ ነቅላችሁ የምትጥሉት አረም ዘር ሳይዝ የት ይሄዳል? ለዛፉማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃዋል፤ ዙሪያውን ደርድሩለት። በዚህ አገር ድንጋይ ጠፋ የሚል ሰው ካለ ይነሣና ይናገር።

ሌላም ላሳያችሁ። አዲስ ገንቦ፣ ያልተሟሸ፣ ዘይትም ጎመን ዘርም ያልነካው፣ እስከ አንገቱ ድረስ በመደቡ መካከል ቅበሩ። ውሃ ሞልታችሁ አፉን በድንጋይ ክደኑ። አፈሩ ሲደርቅ ገንቦው በገላው በኩል ያልበዋል፤ አፈሩ ሲርስ ይቆማል። ሥሩ ራሱ ወደ ገንቦው ይሄዳል። የተሟሸ ገንቦ ግን አይሆንም፤ ቀዳዳው ስለተደፈነ ውሃውን አይለቅም። የሸክላ ሠሪዎቻችን እጅ በፕላስቲክ ምክንያት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ሄዳችሁ እዘዟቸው፤ ዋጋውንም አትከራከሯቸው።

ገንቦ የሌለው ሰው በማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያጠጣ። ሥሩን ያጠጣ፤ ቅጠሉን አይደለም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየነካኩ ላዩን ከማርጠብ፣ ቀን ዘልሎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ላዩ ብቻ የሚርስ ተክል ሥሩን ወደ ላይ ይሰበስባል፤ አንድ ቀን ስትዘነጉት ይሞታል። የእህል ማጠቢያ ውሃ፣ የእጅ እጣቢ፣ ሳሙናው የቀለለ የልብስ እጣቢ ከዛፍ ሥር ይግባ። በረኪና የነካውን አርቁት፤ ጥሬውን በሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ላይም እጣቢ አይፍሰስ።

አንድ ጨከን ማለት የሚያስፈልግበት ነገር አለ። ሁሉን ለማዳን የሚሞክር ሁሉን ያጣል። 10 ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በደረቁ ወቅት በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል፤ ሁለት ጀሪካንና ከዚያ በላይ ነው። ከላይ ያሰብነው 6,400 ሊትር ለእንዲህ ዓይነት አንድ መደብ አራት ወር ያህል ያደርሳል፤ ለአምስት መደብ ግን አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ምረጡ፤ የቀረውን ተዉት። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ከብት፣ ከዚያ ዛፍ፣ ከዚያ ጎመን። ዛፍን ከጎመን ያስቀደምኩት ጎመን በሁለት ወር ስለሚመለስ ነው፤ የሎሚው፣ የጌሾው፣ የቡናው እግር ከሞተ ግን ዓመታት ይዞ ይሄዳል። ከግቢው በር ላይ አበባ እያጠጣ የጎረቤቱ ጥጃ ሲጠማ የሚያይ ሰው ካለ ግን በዚህ ሸንጎ ፊት ቆሞ ያስረዳ።

የሞተር ባለቤቶችም እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። ከወንዙ ራስ ላይ ፓምፕ ተክላችሁ ሌት ተቀን ለጫት ስትስቡ፣ ከታች ያለው የሚጠጣው አጣ። ሐረማያ ሐይቅ ምን እንደሆነ አልሰማችሁም? ለጫትና ለአትክልት መስኖ ሲቀዳ፣ ለከተማም ሲቀዳ፣ ደለሉም ሲገባበት፣ ስንት ዘመን ጀልባ የተቀዘፈበት ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ መሬቱ ተሰንጥቆ ከብት ሄደበት። ኋላ ውሃው ቢመለስም፣ ሐይቅ እንደሚደርቅ ያየ ትውልድ «የእኔ ፓምፕ ምን ያደርጋል» ማለት አይገባውም። ከምንጩ አናት ላይ ባሕር ዛፍ የተከላችሁም እንዲሁ፤ አጣና ሸጣችሁ የምታገኙት ብር የሰፈሩን ምንጭ አይመልስም።

ቦረናዎች ኤላ ከሚሉት ጉድጓድ ከብታቸውን ሲያጠጡ ተራ አላቸው፤ ተራውንም የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚሉት ሰው አላቸው። ሀብታም ነኝ ብሎ ከተራው የሚቀድም የለም። ተራ ያልያዘ መንገደኛ ግን ውሃ አይከለከልም። እኛስ? ሸሆቹ ከወንዝ ዳር ቆማችሁ ውዱእ ስታደርጉ እንኳ ውሃ አታባክኑ ብለው ያስተምሯችኋል። ቄሶቹም አብርሃም ያስቆፈራቸውን፣ ፍልስጥኤማውያን አፈር የሞሉባቸውን ጉድጓዶች ይስሐቅ እንደገና እንዳስቆፈረ ያነቡላችኋል። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ሰምታችሁ ስትወጡ ከደጁ ላይ የተከፈተውን ቦኖ ሳትዘጉ ታልፋላችሁ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደጋግሜ። ሃይማኖት ከጆሮ አልፎ ወደ እጅ ካልደረሰ ምን ይጠቅማችኋል?

አሁን ግንቦት ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብለው አባቶች የተናገሩት ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሰኔ ሚካኤል ከመድረሱ በፊት በእያንዳንዱ ቤት አሸንዳ ታስሮ አያለሁ። ራሴ እየዞርኩ አያለሁ፤ ከዘራዬን ይዤ እመጣለሁ፤ «ነገ» የሚለኝን በእድር ስብሰባ ላይ በስሙ እጠራዋለሁ። ጉድጓድ የሚቆፍር ብቻውን አይቆፍር፤ ደቦ አውጡ፤ በየሳምንቱ የአንድ ቤት ይቆፈር። ሴቶችን ለጠላና ለንፍሮ ብቻ እንዳትጠሯቸው። ጉድጓዱ የት ይሁን፣ መቅጃው በየት በኩል ይሁን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ ውሃውን የሚያውቀው የተሸከመው ነውና።

መጀመሪያ የሚቆፈረው ከመስጊዱ በታች ላሉት አሮጊት እናታችን ነው። ልጆቻቸው አረብ አገር ናቸው፤ የሚቀዳላቸው የለም፤ እርሳቸውም ጎመናቸውን በጣሳ እያጠጡ ነው የከረሙት። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በራቸው ላይ እንገናኝ። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ ድንጋይ ትለቅማላችሁ። ለአሸንዳው የሚሆን ሁለት ቆርቆሮ ከእኔ ቤት አለ፤ ሽቦውን ከእናንተ አንዱ ያምጣ።